ሰዓቱን ቁጠሪ

ይህን ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ብዕር አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ሌሊት ብዙ ነው። «በገዛ እጄ ስሜን ላጠፋ ነው?» የሚለው ሐሳብ ነበር የሚያስቆመኝ። እያደር ግን መጥፋት የነበረበት ስም የእኔ እንዳልሆነ ገባኝ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ነበር። ሰውየው ባዳ አይደለም፤ አብረን ቡና የምንጠጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መሽቷልና በመኪናዬ ላድርስሽ አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጽፈውም። ያለ ፈቃዴ፣ በጉልበት የተፈጸመ ነገር ነው፤ ይኸው ይበቃል።

ቅዳሜ ገላዬን አራት ጊዜ ታጠብኩ። የለበስኩትን ዘፍዝፌ፣ ፈትጌ አሰጣሁት። ከዚያ በሬን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና አክስቴን አሰብኩ።

አክስቴ የሞተችው በ1990 ዓ.ም. ነው። ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የበሽታዋ ስም ቤታችን ውስጥ አይጠራም። ለጠያቂ ሁሉ «ሳንባዋን ነው» ይባል ነበር፤ ጎረቤት ግን ይንሾካሾካል። የምትጠጣበት ብርጭቆ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል። ቅዳሜ ሌሊት ያ ብርጭቆ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። ከደረሰብኝ ይልቅ ሊከተል የሚችለው እንቅልፍ ነሳኝ። ሰውየው ቫይረሱ ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? መልክ አይቶ የሚያውቅ የለ!

እሑድ ጎረቤቴ ቡና አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አሞኛል ብዬ ብቀር ራሳቸው መጡ። ፊቴን አዩና በሩን ዘጉት። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ማን ነው፣ ለምን አብረሽው ሄድሽ፣ አላሉኝም።

«መቼ ነው ልጄ? ሰዓቱን ቁጠሪ» አሉ።

ቆጠርኩ። ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። «40 ሰዓት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጊዜ አለን። ነጠላዬን ላምጣ።»

ኤች አይ ቪ ገና ሥር ሳይሰድ ሊገታው የሚችል መድኃኒት እንዳለ የነገሩኝ ታክሲ ውስጥ ነው። መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይረዳል። ከዚያ ካለፈ አይጠቅምም። እኔ ይህን ሳላውቅ ልብስ ሳጥብ ነበር የዋልኩት።

ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ «ምን ለብሰሽ ነበር?» አለችኝ። እማማ ቀደሙኝ፤ «ልትታከም ነው የመጣችው፤ ልብስ ልታሳይ አይደለም!» አሏት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የዚያን ዕለቱ የደም ምርመራ የሚናገረው ከዓርብ በፊት ስለነበረው ብቻ ነው። ለ28 ቀን የሚወሰድ ኪኒን ሰጠኝ። ለጨብጥ፣ ለቂጥኝና ለክላሚዲያ መከላከያ መድኃኒት፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት፣ እርግዝና የሚከላከለውን እንክብልም ጨመረልኝ። ይህ የመጨረሻው እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል።

28ቱ ቀን ረጅም ነበር። ኪኒኑ ያቅለሸልሸኛል። እናቴ ከደሴ ስትደውል «ድምፅሽ ምነው ደከመ?» ትለኛለች፤ «ጉንፋን ነው» እላታለሁ። አክስቴን «ሳንባዋን ነው» እንዳሉት ሁሉ እኔም ለበሽታ የውሸት ስም አወጣሁ! በ19ኛው ቀን ልተወው ነበር። እማማ ግን ማታ ማታ ውኃ በብርጭቆ ይዘው ይመጣሉ፤ ከተረፈው እሳቸው ይጠጡታል። ያን ሳይ አለቀስኩ።

በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ተመረመርኩ። ነፃ ነኝ።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አክስቴ በሰባት ዓመት ቀደመችው። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ ዕድሜ ጠግቦ ይኖራል፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ብርጭቆውማ ያኔም መለየት አልነበረበትም፤ በብርጭቆ አይተላለፍምና።

ክሱስ? አመለከትኩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። እኔ ግን ማስረጃዬን በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ መዝገቡ ተዘጋ። ሰውየው ዛሬም በከተማው ይመላለሳል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ከቻልሽ ገላሽን ሳትታጠቢ ሂጂ፤ ልብስሽንም በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢ። ታጥበሽም ከሆነ ሂጂ! ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አርግዘሽም እንደሆነ ሕጉ በአንቀጽ 551 ጽንሱን ማቋረጥ ይፈቅድልሻል፤ ለዚህም መደፈርሽን መናገርሽ ብቻ በቂ ነው።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አንድ ቀን እህታችሁ፣ ልጃችሁ ወይም የቤት ሠራተኛችሁ ፊቷ ጠቁሮ በራችሁ ላይ ብትቆም፣ የት ነበርሽ አትበሏት። መቼ ነው በሏት። ከዚያም ነጠላችሁን አንሡ።