ሚክሱን ለባለሙያ መስጠት ይገባልን?

በዚህ ዓመት በክፍላችን ብዙ ክርክር ካስነሡት ነገሮች አንዱ፥ ቢት የሚሠራ ሰው ሥራውን ራሱ ሚክስ ያድርገው ወይስ ገንዘብ ከፍሎ ለድምፅ ባለሙያ ይስጠው የሚለው ነው። ነገሩ ከክርክሩ አስቀድሞ በራሴ ላይ የደረሰ ስለ ሆነ፥ የሆነውን ሳልደብቅ ለመጻፍ ተነሣሁ። ለወላጆቻችን እንዲገባቸው ያህል፥ ቢት ማለት ከዘፈኑ ሥር የሚሄደው የከበሮና የልዩ ልዩ መሣሪያ ቅንብር ነው፤ ሚክስ ማድረግ ደግሞ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው መጥኖ ማዋሐድ ነው።

ባለፈው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መሸኛ የሚሆን መዝሙር ሲዘጋጅ፥ ቢቱን እንድሠራ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ክራር ያለበት እንዲሆን ስለ ፈለግሁ ጎረቤታችንን ለመንኋቸው። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ጋሼ እንላቸዋለን። እሳቸውም፥ «ይኸው በእርጅናዬ ከኮምፒውተር ጋራ ልጫወት ነው» ብለው ሣቁና፥ ከሳሎናችን ተቀምጠው 20 ደቂቃ ያህል ተጫወቱልኝ።

ሚክሱን ግን ለማንም አልሰጥም አልሁ። ከራስ በላይ ነፋስ አይደለምን? ቤተ ሰቡ እንዳይረበሽ ሌሊት ሌሊት ድምፁን እጅግ ዝቅ አድርጌ እሠራ ነበር። ቤዙ የሳሳ መሰለኝና ጨመርሁበት፤ በማግሥቱም ሌሊት ደግሞ ጨመርሁበት። ከበሮው የገዛ እጄ ሥራ ስለ ነበረ፥ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፥ እሱንም ከፍ አደረግሁት። ክራሩን ደግሞ ከኢንተርኔት ባገኘሁት ብልሃት ግራና ቀኙን አራራቅሁት። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው በራሴ ዙሪያ የሚዞር ይመስል ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የዝግጅቱ ቀን ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። መዝሙሩ ሲከፈት ቤዙ የአዳራሹን መስኮት አንቀጠቀጠው፤ የልጆቹ ቃል ታፈነ፤ ክራሩ ግን ፈጽሞ አልተሰማም። አነሰ አላልሁም፤ ጠፋ። መዝሙሩ እንዳለቀ ጋሼ ጠጋ ብለው፥ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፥ «ልጄ፥ የእኔን ተውኸው እንዴ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፥ አለበት» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ጆሮዬ አርጅቶ ይሆናል» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያጠራቀምሁትን 4,000 ብር ይዤ ወደ አንድ የድምፅ ባለሙያ ሄድሁ። ያለቀውን ሥራ በአንድ ፋይል ይዤለት ብቀርብ፥ «የተጋገረ እንጀራ ወደ ሊጥ አይመለስም፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው አምጣልኝ» ብሎ መለሰኝ። በማግሥቱ ለያይቼ አመጣሁለት። ሥራውን ገና ሲጀምር አንድ ቁልፍ ቢጫን፥ ክራሩ ልክ እንደዚያን ቀን ጠፋ! ቁልፉ ግራና ቀኙን ደምሮ እንደ አንድ ድምፅ ማጉያ የሚያሰማ ነበር። ለካ ብልሃት ያልሁት ነገር የክራሩን ድምፅ በግራ እንዳለ ትቶ በቀኝ በኩል ገልብጦ ማስገባት ኖሯል። ሁለት ሰዎች አንዱን በር ከውስጥና ከውጭ እኩል ቢገፉት በሩ አይንቀሳቀስም። የእኔም ክራር ግራና ቀኙ በአዳራሹ አንድ ማጉያ ሲገናኙ እንደዚሁ ተጠፋፋ። በጆሮ ማዳመጫ ግን ሁለቱ ወገኖች ስለማይገናኙ፥ ስሕተቴን ውበት መስሎ ታየኝ።

የቤዙም ነገር ምክንያት አለው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፥ ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ በሌሊት ሹክሹክታ የመዘንሁት ቤዝ በአዳራሽ ሲከፈት አውሬ ቢሆን አይደንቅም።

ባለሙያው የሠራው ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነበር። ከክራሩ ጋራ በአንድ ስፍራ የሚጋፋውን የኪቦርድ ድምፅ በዚያ ስፍራ ብቻ ሸረፈለት፤ ቤዙንም አወረደው። አንድ የምወደውን የከበሮ ምት ሲቀንስብኝ ግን ዝም አላልሁም። ምን እንዲሰማ እንደፈለግሁ ብነግረው መለሰልኝ። አጠገቡ ባልቀመጥ ኖሮ ቀርቶ ነበር።

በክርክሩ ላይ አንድ ጓደኛዬ፥ «የዛሬ ቢት ሠሪ የከበሮውን ድምፅ ራሱ ይፈጥረዋል፤ ሌላ ሰው ከነካው ሥራው የሌላ ሰው ይሆናል» ብሎ፥ ዶክተር ድሬ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዘ ክሮኒክ» የተባለውን አልበም ራሱ ሚክስ ማድረጉን ጠቀሰ። እውነት ነው። ዳሩ ግን እሱ በዚያን ጊዜ በስቱዲዮ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነበር፤ እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለእኛ የሚቀርበው የፊኒየስ ነገር ይመስለኛል። እኅቱ ቢሊ አይሊሽ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን አልበም ያቀናበረው በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የወላጆቻቸው ቤት፥ በመኝታ ክፍል ውስጥ ነው። ሚክሱን ግን ሮብ ኪኔልስኪ ለተባለ ባለሙያ፥ የመጨረሻውንም ማስተሪንግ ለጆን ግሪንሃም ሰጠ። አልበሙ በ2020 እ.ኤ.አ. የዓመቱ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ፥ በድምፅ ምሕንድስናም ተሸልሟል። በመኝታ ቤት መሥራትና ሁሉን ብቻ መሥራት አንድ አይደሉም።

እኔ ለራሴ መማሪያ የምሠራቸውን ቢቶች ዛሬም ራሴ ሚክስ አደርጋለሁ፤ ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ከየት ይመጣል? የሌላ ሰው ጣት ወይም ድምፅ የገባበትንና ለሕዝብ የሚቀርበውን ግን እንዲያው በድፍረት አልጨርሰውም። ቢቱን አንድ ወር ሙሉ ሲሰማ የከረመ ሰው ክራሩ የት እንዳለ ስለሚያውቅ፥ ባይኖርም ይሰማዋል። ባለሙያው ግን የሚሰማው ያለውን ብቻ ነው።

አዲሱን ሥራ በስልኬ ይዤ ከጋሼ ቤት ሄድሁ። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሦስተኛዋ ክር ረግባ ነበር» አሉኝ። «ትሰማለህ? ነገ ክራሩን ይዤ እመጣለሁ፤ እንደገና ቅዳኝ።»