ሲጠሩን የምናስቀምጠው ሥራ

"መቼ ጊዜ አግኝተሽ ነው?" ይሉኛል። ጠረጴዛ ላይ አዲስ ዳንቴል ያየ እንግዳም፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠምኩት የአልጋ ልብስ የኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ያየች ጎረቤትም ጥያቄያቸው አንድ ነው። አድናቆት አለበት፤ ትንሽ ወቀሳም አለበት። ልጆች፣ ቢሮ፣ አማት፣ እድርና ማኅበር ያለባት ሴት ለኪሮሽ የሚሆን ሰዓት ካገኘች የሆነ ነገር አጉድላ መሆን አለበት የሚል። ደረጃ ላይ ቆሜ የምሰጠው አጭር መልስ ስለማይበቃ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ጊዜ ተርፎኝ አይደለም። እንደውም ዳንቴልም ሆነ ጨርቅ መቀጣጠል ጊዜ ለተረፋቸው ሴቶች የተፈጠረ ሥራ አይመስለኝም። በየመሃሉ ለሚጠሩ ሴቶች የተበጀ ነው። ወጡ ሲገነፍል፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ ጣል አድርገውት ይነሳሉ፤ ሲመለሱ ካቆሙበት ይይዙታል። ይህ ጠባይ ከአሠራሩ ከራሱ የመጣ ነው።

ኪሮሹን ልብ ብላችሁ እዩት። ዳንቴል ስንሠራ በየትኛውም ቅጽበት ክፍት ሆኖ የሚጠብቀን ቀለበት አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ተቋጥሮ አልቋል። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ ግን የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተሰልፈው ነው የሚቆዩት። አንድ ሕፃን መርፌውን መዝዞ ከሮጠ ሁሉም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። በዳንቴል ያቺን አንዷን ቀለበት ሳብ አድርጎ ማስረዘም ወይም መርፌ ቁልፍ ማስገባት ይበቃል። ከወር በኋላ ብትመለሱም እዚያው ናት።

ጁዲት ብራውን የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በ1970 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ፣ በየሕዝቡ ሴቶች በብዛት የሚይዙት ሥራ ልጅ ከመጠበቅ ጋር አብሮ የሚሄደው ነው ትላለች። ለሕፃን አደጋ የሌለው፣ ከቤት የማያርቅ፣ ሲቋረጥ የማይበላሽ፣ ተመልሰው በቀላሉ የሚይዙት ሥራ። ኤልዛቤት ዌይላንድ ባርበር ደግሞ የሴቶችን የሃያ ሺህ ዓመት ሥራ በተረከችበት፣ በ1994 በወጣው መጽሐፏ፣ በጥንቱ ዘመን የፈትልና የጨርቅ ሥራ ለምን በሴቶች እጅ እንደቆየ ስታስረዳ የተነሳችው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

ይህን ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው የአያቴ እንዝርት ነው። አመልማሎዋን በሙዳይ ይዛ የማትሄድበት ቤት አልነበረም። ሽሮው እስኪንተከተክ ትፈትላለች፤ ቡና ተጠርታ ትፈትላለች፤ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ተቀምጣ ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። በአገራችን ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ መሸመኛው ከቦታው አይነሳም፣ እንዝርት ግን ከባለቤቱ ጋር ይዞራል። አራት ድርቡ ጋቢ፣ ሁላችንም በልጅነታችን ተጠቅልለን የተኛንበት፣ ድሩም ማጉም እንዲህ ከተለቃቀመ ሰዓት የተፈተለ ነው። ማንም ግን አያቴን "መቼ ጊዜ አግኝተሽ ነው?" ብሎ ሲጠይቃት አልሰማሁም። የቤቱ ልብስ ከእጇ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ የድንች ሰብል ተበላሽቶ ረሃብ ሲገባ፣ በየገዳሙ ያሉ መነኮሳይያት ለድሃ ሴቶችና ልጃገረዶች ኪሮሽ አስተማሩ። የአየርላንድ ዳንቴል የሚታወቅባቸው ጽጌረዳውም፣ ቅጠሉም፣ የወይን ዘለላውም ለየብቻ ይሠራሉ፤ በመጨረሻ ነው በቀጭን መረብ የሚያያዙት። አንዷ ቤቷ ተቀምጣ አበባውን፣ ሌላዋ ቅጠሉን ትሠራለች፤ የምታያይዘው ደግሞ ሌላ ናት። ብዙ ቤተሰብ ያን ክፉ ጊዜ የተሻገረው በዚያ ገቢ ነው። የእንግሊዝና የፓሪስ ወይዛዝርት አንገት ላይ የዋለው ዳንቴል ተራ በተራ ከጭቃ ቤት፣ ሕፃን ከታቀፈች እናት ጭን ላይ የተነሳ መሆኑን ሳስብ ለእነዚያ ሴቶች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የእኔም አሠራር ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ትልቅ ነገር በአንድ ወጥ አልጀምርም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሃያ የሆነ የአልጋ ልብስ አስቡ። በወጥ ከጀመራችሁት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበት ላይ የሚከብድ ሸክም ይሆናል፤ ታክሲ ውስጥ አይወጣም፣ ልጅ ታቅፎ አይሠራም። አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከከፈላችሁት ግን 440 ካሬ ነው። በቀን አንድ ቢሠራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ይፈጃል። ሲሰሙት ብዙ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ካሬ እጅ ላይ ያልቃል። በቤት ውስጥ ያለው ሌላው ሥራችን አያልቅም፤ የታጠበው ሳህን ማታ ይቆሽሻል፣ የተጠረገው ወለል ከሰዓት በኋላ ፍርፋሪ ይሞላል። በዚህ መሃል በየቀኑ "ይኸው፣ አለቀ" ብሎ አንድ ነገር መያዝ ለደከመች ሴት ምን ያህል ደስታ እንደሆነ የሞከረችው ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ነገር ሥራን ከሰዓቱ ጋር ማዛመድ ነው። ቆጠራ ያለበትን ሥራ ጫጫታ ባለበት ሰዓት አልነካም። አዲስ ሞዴል የማወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ሳይነቃ ነው። እጄ የለመደውን ካሬ ደግሞ ለታክሲ ሰልፍ፣ ለቡናና ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ለምቀመጥበት ሰዓት አቆየዋለሁ። "እማ፣ ይሄ ስንት ይመጣል?" ሲሉኝ እመልሳለሁ፤ እጄ አይቆምም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜማ ለዚህ የተሰጠ ያህል ነው፤ ወሬውም ቡናውም ሳይጎድል አንድ ካሬ ይወጣል። ክሩን በተመለከተ ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ እንደሚቀጥን አስታውሱ። 40 ቁጥር ሲያልቅ ያምራል፤ ነገር ግን ዓይንም ቀንም ይበላል። ትንንሽ ልጅ ያላት ሴት በ10 ቁጥር ብትሠራ ይሻላታል። ነጭ ክር መብራት ሲሄድም በሻማ ይታያል፤ ጥቁር ክር አይታይም። ቀጭኑ የብረት ኪሮሽ ጫፉ አደገኛ ነው፤ እኔ የማስቀምጠው በመነጽር ቤት ውስጥ ነው፤ ቦርሳም አይቀድም፣ ሕፃንም አይከፍተውም።

ጨርቅ መቀጣጠል ከዳንቴል ይከብዳል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ትልቅ መቀስና የጋለ ካውያ ይፈልጋል፣ ሁሉም ከሕፃን መራቅ ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ ሥራውን መበታተን ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ በአንድ ምሽት መቁረጥ ብቻ፤ በሌላ ምሽት ጥንድ ጥንዱን በስፒል ማያያዝ ብቻ። በመኪና መስፋቱ ከሁሉም ፈጣኑ ነው፤ የእግር ሲንጀር ያላት ደግሞ መብራት ኖረ አልኖረ አይቸግራትም። ሽሮ ሜዳም ሆነ ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊዎች ጋ የሚወድቀው ቁርጥራጭ ብዙ ነው፤ ቀርቦ ለጠየቀ አይነፍጉም። አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት በየጎኑ አንድ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ሄዶ አሥር ይቀራል።

ለመሃሉ የማስገባው ያረጀ ጋቢ ነው፤ ለጀርባው አቡጀዲ። ሁለቱንም መጀመሪያ አጥባችሁ አድርቁ፤ ካልሆነ ከተሰፉ በኋላ ሲታጠቡ ይሰበሰቡና ላዩን ያጨማድዱታል። መሃሉ ላይ የተነደፈ ጥጥ ከገባ በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ መሰፋት አለበት፤ ያለዚያ ጥጡ ተንሸራቶ አንድ ጥግ ይከማቻል። ጋቢ ግን ራሱ የተሸመነ ስለሆነ አይሸሽም፣ ራቅ ራቅ ባለ ስፌት ይጸናል። በዚህ ብቻ ብዙ ምሽት ይተርፋል። ጫፉ የተበላ፣ እንግዳ ፊት የማይወጣ ጋቢ በየቤታችን አለ። አያቶቻችን የፈተሉት ከሆነ ደግሞ ከገበያ የሚመጣ ስፖንጅ የማይተካው ሙቀት አለው።

ድሪቶ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድህነት ነው፤ ወይም ዓለምን የናቀ ባሕታዊ። "ጨርቅ ጠፍቶ ነው?" ያለችኝ ዘመድ አለች። ለእሷም ለሌላውም የምነግረው የጊስ ቤንድን ሴቶች ታሪክ ነው። ጊስ ቤንድ አላባማ ውስጥ፣ የአላባማ ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ያለች የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ናት፤ ነዋሪዎቿ በአብዛኛው እዚያው የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ቀን ማሳ ውለው፣ ማታ ምግብ አብስለውና ልጅ አስተኝተው፣ ያለቀ የሥራ ሱሪና ከረጢት እየቀደዱ ይቀጣጥሉ ነበር። የላዩን ገጽ እያንዳንዷ ቤቷ ለብቻዋ ትገጥማለች፤ ድርቡን አንድ ላይ ለመስፋት ግን ብዙ ጊዜ ይሰባሰባሉ። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለችው እናት በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቀድዳ ብርድ ልብስ አደረገቻቸው። በ1966 በዚያው አካባቢ የሴቶቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አወጣቸው። ተመልካቹ ዘመናዊ ሥዕል አየሁ ብሎ ተደነቀ። እኔ ፎቶዎቹን ሳይ ቀድሞ የሚታየኝ ረጃጅሙ ቁራጭ ነው። ረጅም ቁራጭ ጥቂት ስፌት ነው የሚፈልገው፤ የደከመች ሴት ምርጫ ነው፤ ውበቱም ከዚያው ምርጫ ወጣ።

"ለምን አትሸጪውም?" የሚሉኝም አሉ። የምትሸጥ ሴት እጇ ይባረክ። እኔ ግን ሥራው ዋጋ ያለው ገንዘብ ሲያመጣ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ልጄ ብርድ ልብሱ ላይ የአባቱን የድሮ ሸሚዝ ቁራጭ እየፈለገ ይተኛል፤ ለእኔ ይህ ይበቃል። ስለ ዋጋ ከተነሳ ግን አንድ ነገር ልበል። ፋብሪካ የሚያመርተው ዳንቴል በሌላ ስልት የተሠራ ነው፤ እውነተኛ ኪሮሽ ዛሬም የሚወጣው ከሰው እጅ ነው። ገበያ ላይ ርካሽ የኪሮሽ ሸሚዝ ወይም ቦርሳ ስታዩ፣ ከየትም አገር ይምጣ፣ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ቀለበት በቀለበት ሠርታዋለች። የሰፈራችሁ ሴት የክሯን ዋጋ እንኳ በማይመልስ ገንዘብ እንድትሸጥላችሁ አትከራከሯት።

እሑድ ኪሮሽ አልነካም። አያቴ በ21 ለማርያም፣ በ12 ለሚካኤል እንዝርቷን ሰቅላ ትውል ነበር። ለሴት እጅ ዕረፍት የሚያዝ ሌላ ሕግ ባልነበረበት ቤት፣ በዓሉ ነበር "ዛሬ ተቀመጪ" የሚላት። ማንም አይከራከረውም። እኛ ዘንድ ዕረፍት እንደ ስንፍና የሚቆጠርበት ቀን እየበዛ ስለሆነ ይህን ሥርዓት አጥብቄ ይዤዋለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ቀርቷል። የእናቶቻችን ዳንቴል በወረቀት የተጻፈ አይደለም። እማዬና ጓደኞቿ ናሙና ይዋዋሱ ነበር፤ አንዷ ከጎረቤት ሶፋ ላይ የወደደችውን ለምና ትወስዳለች፣ ቀለበቱን ቆጥራ ትገለብጣለች፣ ትመልሳለች። ሞዴሉ ያለው ዳንቴሉ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ ሶፋው ተቀየረ፣ የቴሌቪዥኑም ጀርባ ሳሳና ዳንቴል የሚነጠፍበት ቦታ አጣ፤ ዳንቴሉ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ብል ሳይሆን እርጥበት እያጠቆረው ነው። እናቶቻችን በሕይወት እያሉ አጀማመሩን ማስቆጠር ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቁም ሣጥኑን ክፈቱና አንዱን አውጡ። እናታችሁ አጠገብ ካሉ ከየት እንደቀዱት ጠይቁና ከጀርባው በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ። ፎቶ ስታነሱ ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ፣ ጎኑ ማስመሪያ አድርጋችሁ፣ ከፊትም ከኋላም አንሱት፤ መሃሉን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ ለብቻው። መሃሉ ካልታየ ስንት ሰንሰለት ተይዞ እንደተጀመረ መቁጠር አይቻልም።