ትኩሳት የያዘው ሶኬት

በነርስነት ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እንቅልፌ የተረኛ እንቅልፍ ነው፤ ኮሽ ሲል እነቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ግን ያነቃኝ ድምፅ ሳይሆን የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ነበር።

ተነስቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የልጄ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል እንደ ወትሮው ቻርጅ ላይ ነው። አጠገቡ ትንሽ ቬንትሌተር ቆሞ መቀመጫው ሥር ያለውን የቻርጅ ሶኬት ያናፍስለታል። የጋለ ስፒና በእጅ አይነቀልምና መጀመሪያ ወደ ብሬከሩ ሄጄ መብራቱን አጠፋሁ። ከዚያ የሕፃን ግንባር እንደምዳስስ የእጄን ጀርባ ጠጋ አደረግሁ። ገና ሳልነካው ሙቀቱ ተሰማኝ።

ልጄን ቀሰቀስኩት። «መቼ ጀመረው?» አልኩት፣ በሽተኛ ስጠይቅ እንደኖርኩት።

«ሁለት ሳምንት ሆነው እማዬ። ቬንትሌተሩን ካደረግሁለት ግን ደህና ነው» አለኝ።

«ይኼማ ፓራሲታሞል ነው የሰጠኸው! ትኩሳቱን አወረድክለት እንጂ በሽታውን መቼ ነካኸው?»

የበለጠ ልቆጣው ነበር፤ ግን ችግሩን አውቃለሁ። ሞተሩን የገዛው በእቁብ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ ወጥቶለት ገና እየከፈለ ነው። ዕቃ እያደረሰ የሚያድር ልጅ አንድ ቀን ከቆመ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ደግሞም ሌባ ፈርቼ ሞተሩን ከግቢ ወደ ኮሪደር ያስገባሁት እኔው ነኝ። ከቤታችን መውጫው በዚያ ኮሪደር ብቻ ነው። የልጅ ልጄ የምትተኛበት ክፍልም በሩ የሚከፈተው እዚያው ነው። የቃጠሎ ሕሙማንን ያስታመምኩ ሰው ነኝ፤ «ነገ እናሠራዋለን» የተባለ ነገር ምን ይዞ እንደሚመጣ አይቻለሁ። ያን ሌሊት የልጅቷን በር እያየሁ ነጋ።

በማግስቱ ሥራው ቀርቶ አብረን ወደ ሠሪው ሄድን። ወጣት ነው። «ማዘር፣ እርስዎ ደግሞ ለምን ደከሙ?» አለኝ። በሽተኛ ይዤ መምጣቴን ነገርኩት።

መቀመጫውን ከፍቶ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የባትሪውን ማጥፊያ አጠፋ። ከግድግዳው መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የሶኬቱ ሽቦዎች ከራሱ ከባትሪው ኃይል ሊኖራቸው ይችላል አለኝ። ቀጥሎ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ምልክት አደረገባቸው፤ ከተቀያየሩ ቻርጀሩንም ባትሪውንም ሊያበላሹ ይችላሉ። ሶኬቱን ሲያወጣው አንዱ ቀዳዳ ቡናማ ሆኖ ዙሪያው ቀልጧል። ከኋላው ሽቦውን የያዘው ብሎን ላልቷል።

ኮብልስቶኑ ሲያንቀጠቅጠው ብሎኑ ይላላል፤ አቧራና እርጥበት ሲጨመርበት ብረቱ ይዝጋል። የላላ ወይም የዛገ መገናኛ ኤሌክትሪኩን እንደልብ አያሳልፍም፤ ያልተላለፈው ኃይል እዚያው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ብረቱን ይበልጥ ያበላሸዋል፤ የተበላሸው ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። በ10 አምፔር ቻርጀር ላይ 0.2 ኦም ብቻ የሆነ መጥፎ መገናኛ 20 ዋት ሙቀት ይፈጥራል፤ ያውም የስፒል ራስ በምታክል ቦታ። አምፔሩ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው።

ልጄ ኪሱን አስቦ «የቻርጀሩን ስፒና ተወውና ሶኬቱን ብቻ ቀይርልኝ» አለ። ሠሪው ምንም ሳይል ስፒናውን አሳየው። አንዱ እግር ጠቁሯል። የተቃጠለ ስፒና አዲስ ሶኬት ውስጥ ሲገባ አዲሱንም ያቃጥለዋል። አንዱን አክሞ ሌላውን መተው በሽታውን መልሶ ማስያዝ ነውና ሁለቱም ተቀየሩ፤ የስፒናውን ዋጋ ከጡረታዬ ከፈልኩ።

ደስ ያለኝ ግን ሽቦው ላይ ሲደርስ ነው። የጠቆረውን ጫፍ ጠምዝዞ በናስትሮ አልጠቀለለውም። መዳቡ ንጹሕ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ ቆረጠው፤ አዲስ ጫፍ አድርጎ በመጭመቂያ አጠበቀው። እኛም ቁስል ስናጥብ የሞተውን ሥጋ እናነሳለን፤ ጤነኛው ካልተገኘ ቁስሉ አይድንም። ሲጨርስ እዚያው አንድ ሰዓት ቻርጅ አድርጎ በየመሃሉ ዳሰሰው። ለብ ከማለት አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቻርጅ የሚደረገው ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ፣ ሰው ሳይተኛ ነው። ለሌባው ሰንሰለት ገዛሁለት። ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የስፒናውን ሽፋን በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ። ልጄ «ሲስተር ዙር ወጣች» እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቻርጅ የሚደረግባቸው ቤቶች በዝተዋል። ውድ አንባቢዎቼ፣ ለሞተሩም ለምጣዱም ለምድጃውም ነገሩ አንድ ነው። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስይዝ ሙቀት፣ የጠቆረ ስፒና፣ የፕላስቲክ ሽታ ግን ሕመም ነው። መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ፤ እስኪመጣም መልሳችሁ አትሰኩት። ቬንትሌተሩን ለራሳችሁ አድርጉት።