የከሚሴ ጥላ

ከአዲስ አበባ ተነስተን በደብረ ብርሃን አለፍን። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ጋቢያችንን አጣጥፈን ያዝን። ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፈን ከሚሴ ገባን።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ የጨፋ ሜዳ አለ፤ የቦርከና ወንዝ ያጠጣዋል። አገሩ ቆላ ነው። ፀሐዩ ይለበልባል። ታዲያ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል።

እኛም በአንድ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሽታውም ደስ ይላል። የቤቱ እናት «ኒም ነው» አሉን። ቀና ብለን ቅጠሉን አየን። ኒም አይደለም፤ ሜሊያ ነው።

ኒምና ሜሊያ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ከእስያ የመጡ ናቸው። ሁለቱንም «ኒም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን ይለያያሉ። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሜሊያ ሐምራዊ ነው። አበባ ከሌለ ቅጠሉን እንይ። የኒም ቅጠሎች በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። የሜሊያ ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል። ሜሊያ በበጋ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ቢጫ ፍሬው ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ችግሩ ያ ፍሬ ነው። መርዝ አለው! ልጅ ከበላው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ከብትንም ይጎዳል። የበላ ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

«እንግዲያው እንቁረጠው?» አሉን እናታችን። ጥላውስ? እንዲህ ያለ ጥላ በከሚሴ በቀላሉ አይገኝም። ፍሬው ሲረግፍ ጠርጎ መቅበር ይቻላል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ግን አዲስ ሜሊያ ባይተከል ይሻላል እንላለን።

በምትኩ ኒም ይተከል። የኒም ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ለከርሞ አይቀመጥም። የበሰለውን ፍሬ ልጣችሁ፣ ዘሩን አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ ቶሎ ዝሩት። ችግኙን ክረምት ሲገባ ትከሉት። ውኃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም፤ ስለዚህ ረግረጉን ትታችሁ ከፍ ያለውን መሬት ምረጡ። ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት፤ የከሚሴ ፍየል እኮ ምንም አይምርም። የደረቀ የኒም ቅጠል ከእህል ጋር ሲቀመጥ ነቀዝን ይቀንሳል። ዘይቱን ግን ለልጅ አታጠጡ።