የሚጠበቀው መልስ

ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ «ጋሼ፣ ስምዎ እዚህ የለም» ተባልኩ። አለሁ ብል፣ መታወቂያ ባወጣ፣ ማን ሰምቶኝ! የአባቴ ስም ኃይሉ ነው። መታወቂያዬ ላይ በብዙኃኑ «ኃ» ተጽፏል። መዝገቡን የሞላው ሰው ግን በሃሌታው «ሀ» ጽፎታል። ለእናንተና ለእኔ ሁለቱም ያው ኃይሉ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሰውየውም የለም። መኖሬ እስኪረጋገጥ ሦስት ቀን ተመላለስኩ።

ይህን ለሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ሳወራው የእህቴ ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ሥራዋ ከዳታቤዝ ሰርቨር ጋር ነው። ዳታቤዝ ሰርቨር ማለት መዝገቡም መዝገብ ቤት ሠራተኛውም አንድ ላይ ማለት ነው፤ ሲጠየቅ ፈልጎ ይሰጣል። እሷ የምትሠራበት ፖስትግሬስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል። እሷም ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐን፣ ጸን እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ነገር ጨመረችበት።

«ታዲያ አለቀ አይደል?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና መጀመሩ ነው! አንዱን ሳስተካክል ሌላውን አበላሽቼ እንደሆነስ?»

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ላፕቶፕዋን ይዛ ቤቴ መጣች። እኔም ወንበር ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ይህን ዓምድ ለመተየብ ያህል ነው፤ ነገሩ ግን ስለ ፈተና ሲሆን ጊዜ ከእኔ በላይ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ሰርቨሩ ከ200 የሚበልጡ የፈተና ወረቀቶች አሉት። በእያንዳንዱ ጎን የሚጠበቀው መልስ ተጽፎ ተቀምጧል። ሰርቨሩ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፤ መልሱ ከሚጠበቀው ጋር መስመር በመስመር ይነጻጸራል። ከገጠመ «ኦኬ»፤ ካልገጠመ ልዩነቱ ለብቻው በአንድ ፋይል ይመዘገባል።

ለፈተናው መሰናዶው ራሱ ብዙ ነው። መጀመሪያ «ሩት» በሚሉት የበላይ አስተዳዳሪ ስም ገብታ ስለነበር (ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት ጋር አይገናኝም) አልነሳም አላት። ሁሉን ማድረግ በሚችል ሰው ስም ፖስትግሬስ አይሠራም፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ጥፋቱ ወሰን አይኖረውማ። በተራ ስም ተመልሳ ገባች። የሚፈተነውም የደንበኞች መረጃ ያለበት ሰርቨር አይደለም፤ ጊዜያዊ ሰርቨር ይተከላል፣ ይነሳል፣ ይፈተናል፣ ይዘጋል። ፈተናዎቹ እስከ 20 እየሆኑ በአንድ ጊዜ ስለሚሮጡ፣ ላፕቶፕዋ አርጅታለችና ከ10 እንዳይበልጡ ወሰነችላቸው። ሰዓቱስ ብትሉ? የመልስ ወረቀቱ የተጻፈው በካሊፎርኒያ ሰዓት ስለሆነ ሰርቨሩም ለፈተናው ያህል የካሊፎርኒያን ሰዓት ይይዛል። ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንለውንማ ብንነግረው ምን ሊለን ነው!

ቡናው ሳይፈላ «ኦኬ» በ«ኦኬ» ላይ ተደረደረ። መጨረሻ ላይ ግን አንዱ ወደቀ። የወደቀው ደግሞ ራሷ የጻፈችው ፈተና ነው። ጥያቄው «ኃይሉ የሚባሉትን አውጣ» የሚል ነው። የሚጠበቀው መልስ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ሰርቨሩ ሦስቱንም አውጥቷል፤ ግን ኃይሉን ከመጨረሻ አስቀምጦታል።

«ትናንት አልፎ ነበር» አለች። ቆየት ብላ ምክንያቱ ገባት። ከጥያቄው በፊት የአንዱን ኃይሉ አድራሻ የሚያስተካክል መስመር ዛሬ ጨምራ ነበር። ፖስትግሬስ መዝገብ ሲስተካከል አሮጌውን ቅጂ እዚያው ላይ አይደልዘውም፤ አዲሱን ቅጂ ሌላ ቦታ ያኖረዋል። ሲቆጥር ታዲያ የተስተካከለው ኃይሉ ኋላ ላይ ተገኘ።

«ያው ተሳስቷል ማለት ነዋ!» አልኩ፤ የአስተማሪ ነገር።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ጋሼ። በምን ቅደም ተከተል ስጠኝ መቼ አልኩት? ያላዘዝኩትን አላደረግክም ብዬ እንዴት እጥለዋለሁ?»

ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «የፊታውራሪ መሸሻ ውድቀት ምክንያቶችን አብራሩ» ብዬ ፈተንኩ። የመልስ ወረቀቴ ላይ በክፍል ውስጥ በዘረዘርኩበት ተራ አምስት ነጥቦች ነበሩ። አንድ ልጅ ነገሩን ከአባትነቱ ጀምሮ፣ ወደ ኋላ እየሄደ፣ በራሱ መንገድ ጻፈው። መቶ ወረቀት ከፊቴ ተከምሯል፤ ነጥቦቹን በጠበቅኳቸው ቦታ ስላላገኘኋቸው ከ20 ስምንት ሰጠሁት። ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ አምስቱም አሉ እኮ፤ አንዴ ቢያዩልኝ» አለኝ። «በማርክ አልደራደርም» ብዬ ሸኘሁት። ከወራት በኋላ ቢሮዬን ሳጸዳ ወረቀቱ እጄ ገባና አነበብኩት። አምስቱም ነበሩ። ልጁን ከዚያ ሴሚስተር በኋላ ግቢ ውስጥ አላየሁትም። በእኔ ማርክ ይሁን በሌላ ምክንያት አልጠየቅኩም። ልጠይቅ እችል ነበር።

ፖስትግሬስን የሚሠሩት ሰዎች ለአንድ ፈተና ከአንድ በላይ የመልስ ወረቀት እንዲቀመጥ ፈቅደዋል። መልሱ ከአንዱ ጋር ከገጠመ አለፈ። ከሁሉም ካልገጠመ ደግሞ ሪፖርቱ የሚጻፈው ልዩነቱ ትንሹ ከሆነው ወረቀት ጋር ተነጻጽሮ ነው። መቼም ይህን ያህል ርኅራኄ ከማሽን አልጠበቅኩም።

«ታዲያ» አልኳት ወደ ልቤ ስመለስ፣ «የዛሬውን መልስ ገልብጠሽ የሚጠበቀው ላይ ብታደርጊውስ?»

«ይቻላል፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ሳያነቡ ከገለበጡ ግን ስህተቱ ራሱ የሚጠበቅ መልስ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው መልስ ሲመጣ ነው የሚወድቀው።»

ይቺንስ አውቃታለሁ! የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ እቅዱ በክንውኑ ልክ ይከለስና «100 በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት ስንት ጊዜ ሰምተናል? እኔ የተለየውን ሁሉ ጣልኩ፤ ሌላው የመጣውን ሁሉ ያሳልፋል። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ልዩነቱን አላነበብንም።

የእህቴ ልጅ ጥያቄዋ ላይ «በዚህ ቅደም ተከተል» የምትል አንዲት ሐረግ ጨመረች፤ የመልስ ወረቀቱንም በዚያው ልክ አስተካክላ ጻፈችው። እንደገና አስሮጠችው፤ ሁሉም አለፈ። ሰኞ ለባልደረቦቿ ታሳያለች፤ እነሱም ያገላብጡታል። እኔን የለህም ወዳለኝ መስኮት መቼ እንደሚደርስ ግን እንጃ።

ስትሄድ በር ድረስ ሸኘኋት። «ጋሼ፣ ዛሬ ዝም አሉ» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት።