ከአክስቴ ጋር ወደ ግራና

«ከእንግዲህ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አላድርም» አለች አክስቴ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው፤ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ። ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና መጥታ ሦስት ወር እኔ ዘንድ ሰንብታለች። ዓይኗ ሲበራ መጀመሪያ የናፈቃት አገሯ ግራና ነው። «ማሽላው ሳይታጨድ ልየው» ትላለች።

ግራናን ለማታውቁ፣ ሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ናት። ከአዲስ አበባ ሲሄዱ ወልድያ ሳይደርሱ መርሳ ላይ ይወርዱና ከዋናው መንገድ ወጥተው ይገባሉ። ቆላ ናት፤ የማሽላ አገር። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና አንድ» ይባላል። ይህን ለአክስቴ ብነግራት «እኛን ሳይጠይቁ?» ብላ ሳቀች።

አክስቴ ሰማንያን ተሻግራለች። ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንሂድ ብላት «መሬት በማይረግጥ ነገር አልሳፈርም» አለችኝ። ስለዚህ አውቶቡስ ሆነ። ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ መርሳ እንገባለን አልኩ። ኢንሱሊኑን በትንሽ ፔርሙስ አድርጌ በእጄ ያዝኩ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ስለሚጫን ፀሐይ ያበላሸዋል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ ቢቀመጥም ይበላሻል። በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም።

የተሳሳትኩት በሌላው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወጋኋት፤ ዳቦና ሻይ አቀረብኩላትና ሻንጣ ላስር ወጣሁ። ስመለስ ዳቦው የለም። «በላሽ?» አልኳት። «በላሁ» አለች። 11 ሰዓት ላይ መኪናው ተነሣ።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ሰው ሁሉ በጋቢና በነጠላ ተሸፋፍኗል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ቦታ ነው፤ ብርዱ ኅዳር ላይ አጥንት ይነካል። ዘወር ብዬ ሳያት የአክስቴ ግንባር በላብ ተጠምቋል። በዚያ ብርድ! እጇን ብይዘው ይንቀጠቀጣል። «ደከመሽ?» ስላት በሞተች እህቷ ስም ጠራችኝ። መለኪያውን አውጥቼ ጣቷን ወጋሁ፤ 48።

ስኳር ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የለም፤ ጣሪያ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ ነው። ስንቱን የስኳር ታማሚ «ከረሜላ ከኪስዎ አይለይ» ስል የኖርኩ ነርስ እኔ ነኝ። ከኋላችን የተቀመጠች እናት ለልጇ የያዘችውን ለስላሳ አቀበለችኝ። አክስቴ መዋጥ ትችል ነበርና በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ራሷን ስታ ቢሆን ኖሮ በአፏ ምንም አላደርግም ነበር፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ ስንገባ እጇን እንደያዝኩ ነበር፤ በጨለማው ውስጥ ትንፋሿን እያዳመጥኩ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ብለካት 81 ደረሰ። «ምን ሆነሽ ነው የምታፈጪብኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ።

ዳቦው ከመቀነቷ ውስጥ ተገኘ፤ በመሐረብ ተጠቅልሎ። የጠዋቱን ሻይም ማጠቢያው ላይ ደፍታዋለች። «ለምን?» ብላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሽንቴ ቢመጣ ያን ሁሉ ወንድ አቁሙልኝ ልበል?»

ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። እናቶቻችን ረጅም መንገድ ሲሄዱ ሹፌሩን ላለማስቆም ሲሉ ውኃ አይቀምሱም፣ እህልም ይተዋሉ፤ ለእኛም አይነግሩንም። እኔ ደግሞ «በላሽ?» ብዬ ጠየቅኩ እንጂ ቆሜ ስትበላ አላየሁም። ረዳቱን በጆሮው አነጋገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ «እናቶች እግራቸውን ያፍታቱ!» እያለ ያስቆም ጀመር። ሲቆም የሚወርዱት ሴቶች አክስቴ ብቻ አልነበረችም፤ ግማሹ መኪና ይወርድ ነበር።

ደብረ ሲና ደህና ቁርስ በላች። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ተቀበለን። ከሚሴን አልፈን ጎማ ፈንድቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ኮምቦልቻን፣ ከዚያም የሐረጎን ጠመዝማዛ አልፈን ደሴ ስንገባ 10 ሰዓት ሆኗል።

ዘመዶቻችን አልጋ አንጥፈው፣ ቡና አቀራርበው ጠበቁን። አክስቴ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታ ተነሣች። «እንሂድ።» በማታ መንገድ አይኬድም፣ ጠዋት ታመሽ ነበር፣ እያልን ለመንናት። «ተሽሎኛል። ቤቴ ልደር» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች። እውነቱን ልናገርና፣ ሌላ ቤተሰብ እንዲህ አደረግን ቢለኝ እቆጣ ነበር። እሷን ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። ለክኋት፤ ደህና ነው። ስኳሩንና ብስኩቱን በዚህ ጊዜ በኪሴ ያዝኩ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሣ 12 ሰዓት ተኩል አልፏል። ሐይቅ ላይ ውኃው አይታይም፤ በዚያ በኩል ጨለማው ብቻ ይሰፋል። ውጫሌን፣ በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ያ ጣጠኛ ውል የተፈረመባትን፣ አክስቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ አለፍናት። መርሳ ስንወርድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሁለት ባጃጆች አንሄድም አሉን። ሦስተኛው አክስቴን ሲያይ «የማን እናት ነሽ?» አላት፤ ነገረችው። የልጇ የክርስትና ልጅ ሆኖ ተገኘና በነጻ ካልወሰድኩ አለ።

መንገዱ ዳር ማሽላው ገና ቆሟል። ባለባጃጁ መብራቱን ወደ ማሳው ዞር አደረገላት። ዘለላው ከባድ ነው፤ አንገቱን ደፍቷል። ምንም አልተናገረችም፤ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ቤት ስንደርስ 4 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ሳይተኛ ጠብቋል። እልልታውን አስቆምኩና መጀመሪያ አጎበር እንዲሰቀል አደረግኩ፤ ኅዳር በቆላ የወባ ወር ነው። ለኢንሱሊኑ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ ገንቦ አዘጋጅተው ነበር፤ ስልክ ደውዬ ያዘዝኩትን አልረሱም። ለካኋት። መርፌውን ይዤ፣ እንጀራው ከፊቷ እስኪቀርብ ቆምኩ።

ከወጋኋት በኋላም አልተቀመጥኩም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሰው ሁሉ አሳየችና ጎረሰች። ዋጠችና አፏን ከፈተችልኝ።

«ይኸው፤ እዪ! መቀነቴንም ትፈትሺ?»