የበጎቹ ስሌት

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ከቁጥር ጋር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከግጥም ጋር እታገላለሁ። የስኮትላንዶችን የስደት ታሪክ እስካነብ ድረስ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኙብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከበግ ይጀምራል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የስኮትላንድ ደጋ ባላባቶች አንድ ስሌት ሠሩ፤ መሬቱ ለድሃ ጭሰኛ ከሚከራይ ለበግ አርቢ ቢከራይ ገቢው ይበልጣል። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1814 የሰዘርላንድ እመቤት ወኪል የነበረው ፓትሪክ ሴላር፣ የስትራዝኔቨርን ሸለቆ ነዋሪዎች አስወጥቶ ተመልሰው እንዳይገቡ የጎጆዎቻቸውን እንጨት አስቃጠለ። መሬቱን ለበግ እርባታ የተከራየው ራሱ ሴላር ነበር። በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ለፍርድ ቀርቦ በነጻ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት እናት ቤት በዕዳ ሲሸጥ የሐራጁን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ። በዚያች ሌሊት ስለ ስትራዝኔቨር ተፈናቃዮች ግጥም ጀመርኩ። በእነርሱ አሳብቤ ላለቅስ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

ታሪኩ ግን ለለቅሶ ብቻ አልመች አለኝ። ከቃጠሎው 41 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1773፣ ሄክተር የተባለች መርከብ ሁለት መቶ ያህል ሰዎችን ይዛ ኖቫ ስኮሺያ፣ ፒክቱ ደርሳለች። የተነገራቸው ለም መሬት ነበር፤ የጠበቃቸው ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በ1846 የድንች በሽታ በደጋው ረሃብ አስከተለ፤ ብዙዎችም ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ከሄዱት የሚበዙት ደገኞች እንኳ አልነበሩም፤ የቆላው ገበሬ፣ ሸማኔና መካኒክ የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ የወጣ ነው። በ1848 የፕሬስቢቴሪያን ምእመናን ኒውዚላንድ ውስጥ ደኒደንን ቆረቆሩ፤ ስሙ የኤደንብራ የጌሊክ ስም ነው። በ1923 ሜታጋማ የተባለችው መርከብ ከሉዊስ ደሴት ሦስት መቶ ያህል ወጣቶችን አሳፍራ ወደ ካናዳ ስትነሣ፣ ጎጆ ያቃጠለባቸው አልነበረም። ወላጆች ግን ወደቡ ላይ ቆመው አልቅሰዋል።

የሰፈሩበትም ምድር ባዶ አልነበረም። ፒክቱ የሚክማቆች፣ ደኒደንም የማኦሪዎች አገር ነበሩ። በበግ የተፈናቀለው ሰው በተራው አጥር ሲያጥር፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረ ሌላ ሰው አለ። ግጥሜ እዚህ ላይ ቆመ። በዳዩን ከተበዳዩ በአንድ መስመር ልለይ ብዬ ነበር፤ መስመሩ በየመርከቡና በየወደቡ ይጠፋብኛል። ምናልባትም የራሴን ስም ከየትኛው ወገን እንደምጽፈው ስላላወቅሁ ይሆናል።

ያቺን እናት ዳግመኛ አላየኋትም። ቤቷ ስንት እንደ ተሸጠ መዝገባችን ላይ አለ፤ የት እንደ ገባች የለም። ከግጥሙም የተረፉኝ እነዚህ ሁለት ስንኞች ብቻ ናቸው፦

በግ ገባ በሰው ቤት፣ ሰው ወጣ በባሕር፤
አገሩን በስሙ ተክሎ በሰው ምድር።